አርፎ መቀመጥ

ሥራው የመጣው ለእሷ ነበር። ባሏ ወሬውን የሰማው ሱቁ ውስጥ የሰው ሱሪ እያሳጠረ ሳለ፣ እሷ ከደጃፉ ቆማ እንባ በእንባ ሆና ስትነግረው ነው። ስፒሉን ከከንፈሩ አወጣና፣ «ታዲያ ይሄ ምን ያስለቅሳል? ሻንጣ የለንም እንዴ?» አላት።

እሷ የውኃ መሐንዲስ ናት። በተወለደችበት ከተማ በውኃ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ፣ ከመሬት በታች የሚያፈሰውን ቧንቧ ከላይ ሆና ስታፈላልግ ዓመታት ከቆየች በኋላ ነው አንድ ትልቅ የውጭ ኩባንያ አግኝቷት «ነይልን» ያላት። የምትሄድበት ከተማ ስሙ ሲጠራ ሰው አፉን የሚከፍትለት፣ ዋጋው ሲጠራ ደግሞ አፉን የሚይዝለት ነው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ደንበኛው ገና በር ላይ ሳለ በዐይኑ ለክቶ ስለሚጨርስ ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሩ» ይለዋል። ምላሱም እንደ መቀሱ ስል ነው፣ ግን አያቆስልም። ሱሪ ጠበበኝ ብሎ የሚመጣውን ሰው፣ «ሱሪውማ ያው ነው፤ የወፈርከው አንተ ነህ፤ በል ሱሪህን ይቅርታ ጠይቀው» ይለዋል። ሰውየውም እየሳቀ ከፍሎ ይሄዳል።

ውሉ የሁለት ዓመት ነው። «ሁለት ዓመት እኮ ደህና የኮት ገበር እንኳ አይበላም» አለ ሜትሩ። ሱቁን አብሮት ለሚሠራው ባልንጀራው አደራ ሰጠና፣ ትንሿን የስፌት መኪናውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተነሣ።

በሽኝቱ ቀን እናቱ ብቻ ትንሽ ቅር አላቸው። «ሴት ባሏን ተከትላ ስትሄድ አውቃለሁ፤ ባል ሚስቱን ሲከተል ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አሉ።

«እማ ደግሞ! ከኋላ ብሆን አይሻልም? የቀሚሷ ጠርዝ ቢተረተር ማን ያይላታል?»

አሮጊቷ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ምራታቸውንም አቅፈው ሳሙና፣ «በይ ኢንጂነሯ፣ ልጄን ወስደሽ ልጄን አምጪልኝ» አሏት። እሷም አፏን ሞልታ «እሺ እማማ» አለች።

ኩባንያው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሆቴል ከሚመስል ቤት አስቀመጣቸው። ሜትሩ ሊፍት ውስጥ በገባ ቁጥር መስተዋቱን እያየ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አለፈልህ!» ይል ነበር። ወራቱ ሲያልቁ ግን «ከእንግዲህ ቤት የራሳችሁ ጉዳይ ነው» ተባሉ። ከተማው ፊቱን ያዞረባቸው ያን ጊዜ ነው። አገር ቤት ሲያወሩት ጆሮ የሚያስይዘው ደመወዝ እዚያ ሲደርስ ኪራዩ ግማሹን ይውጠዋል፤ ከቀረው ላይ ደግሞ የታናናሽ እህቶቿ ትምህርት አለ፣ የእናቱ መድኃኒት አለ። ቤት ፍለጋ እግራቸው እስኪቀጥን ዞሩ። አንዱ ደላላ መስኮት የሌለው ክፍል አሳያቸውና ጸጥታውን አወደሰ። ሜትሩ «ምን አለ?» አላት። «ጸጥ ያለ ነው ነው የሚለው።»

«መቃብርም እኮ ጸጥ ያለ ነው በይው!»

አላለችውም። በመጨረሻ ያገኙት ከአንድ ረጅም ሕንጻ ላይ አንዲት ክፍል ነበር። አልጋው ማታ ከግድግዳው ይወርዳል፤ ጠዋት ተመልሶ ካልተሰቀለ ጠረጴዛው መቆሚያ የለውም። ማድ ቤቱ መተላለፊያው ነው። መታጠቢያ ቤቱ ከምድጃው ስለማይርቅ፣ «ተቀምጬ ድስት ማማሰል እችላለሁ» እያለ ይቀልድ ነበር። መስኮቱ የሚያየው የሌላ ሕንጻ ግድግዳ ነው፤ ሰማይ ማየት ያማረው አንገቱን አውጥቶ ወደ ላይ መቀልበስ አለበት።

ሥራዋን ወደደችው፤ ሥራዋ ግን በላት። ቢሮው ውስጥ የኔ የሚባል ጠረጴዛ የለም፤ ጠዋት ቀድሞ የመጣ ክፍት ያገኘው ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ጥራጊውን ሳይቀር ይዞ ይነሣል። እሷ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ የከተማውን የውኃ ግፊት ታያለች፤ መስመሩ አንድ ቦታ ዝቅ ሲል ከየትኛው መንገድ ሥር እንደሚያፈስ አውቃ ቆፋሪ ታዛለች። አለቃዋ ለሁሉም ነገር የሚያመሰግን ሰው ነው። በእረፍቷ ቀን ሥራ ሲሰጣት ያመሰግናታል፤ የጠየቀችውን ፈቃድ ሲከለክላት «ስለ ተረዳሽኝ አመሰግናለሁ» ይላል። ባልና ሚስቱ «አቶ ምስጋና» ብለው ሰየሙት። «ይሄ ሰውዬ ሲያባርርሽም መርቆ ነው» አላት ሜትሩ።

የእሱ የመኖሪያ ፈቃድ ላይ የተጻፈው አጭር ነው፦ የሠራተኛ ባለቤት፣ መሥራት አይፈቀድለትም። መጀመሪያ አካባቢ ግድ አልሰጠውም። ቀኑን በእግሩ ከተማውን ሲያስስ ውሎ ማታ ወሬ ይዞላት ይገባል። «ዛሬ ኮት የለበሰ ውሻ አየሁ። ጨርቁ ከኔ ኮት ይበልጣል፤ እጅጌው ግን ተጣሟል። ባለቤቷን እንዳልነግራት ቋንቋ የለኝ!» እሷ በሳቅ ትፈርሳለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ከታች ያሉት አሮጊት ጎረቤት ሊፍት ውስጥ ከካፖርታቸው ዚፕ ጋር ሲታገሉ አገኛቸው። በምልክት «ይስጡኝ» ብሎ ወሰደና በማግሥቱ አዲስ አስመስሎ መለሰላቸው። አሮጊቷ አንድ ከረጢት ፖም ይዘው መጡ። ከዚያ ወሬው በሊፍቱ ወጣና ወረደ። አንዱ ሱሪ አሳጥርልኝ ይላል፣ አንዷ የልጇን ቦርሳ ታመጣለች፤ ትንሿ መኪና ከብርድ ልብሷ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ነገሠች። ሚስቱ ማታ ስትገባ ወለሉ ላይ ብጥስጣሽ ክር ታገኛለች፤ እሱ እያፏጨ ይሰፋል። ሥራው እስኪያልቅ አልጋው ስለማይወርድ ሻንጣ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። ድካሟ ሁሉ ከላይዋ የሚረግፍ ይመስላት ነበር።

የሕንጻው ኃላፊ የመጣው ከሥራ ቀደም ብላ በገባችበት አንድ ቀን ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን እንኳ ከበሩ አላሳለፈም። ጎረቤት በስፌት መኪናዋ ድምፅ አቤት ብሏል አለ። እሱስ ይሁን፤ መኖሪያ ቤት ውስጥ የገቢ ሥራ እየተሠራ ነው ተብሏል፤ ከተደገመ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታው ነው። የባሏ ፈቃድ በእሷ፣ የእሷም በኩባንያው ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን እሷ ታውቃለች። ያን ቀን ደግሞ አቶ ምስጋና የሠራችውን ጥናት በሌላ ሰው ስም አቅርቦ፣ ስለ ትብብሯ አመስግኗት ነበር የመጣችው።

በሩ እንደ ተዘጋ ዞረችበት።

«አርፈህ መቀመጥ አቃተህ? እኔ ለአንተም ለእናትህም ለእህቶቼም ስባክን፣ አንተ ለአንዲት ዚፕ ብለህ ልታስባርረኝ?»

«እኔ እኮ ገንዘብ አልተቀበልኩም። ፖም ነው…»

«ፖም! አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። አርፈህ ተቀመጥ! ይሄ ከበደህ?»

 ሜትሩ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሰው ቀሚስ አጣጠፈ። መኪናዋን ዘይት ቀባት፣ በብርድ ልብሷ ጠቀለላትና ከጠረጴዛው ሥር ገፋ አደረጋት።

«እሺ» አለ። 

እሷ በማግሥቱ ነገሩን ረሳችው፤ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ነው፣ ያልፋል ብላ። እሱ ግን ቃሏን እንደ ወረደ ተቀበለው። አርፎ ተቀመጠ። መጀመሪያ መዞሩን ተወ። ቀጥሎ ጎረቤት ሲያንኳኳ መክፈት ተወ። አሮጊቷ ሁለት ሦስቴ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ሄዱ። ጠዋት አልጋውን ይሰቅልላታል፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ያዞራል፣ ግድግዳውን ፊት ለፊት አድርጎ ይቀመጣል። ማታ ስትመጣ እዚያው ታገኘዋለች። «ምን ስትሠራ ዋልክ?» ስትለው፣ «አርፌ» ይላታል። ለነገር አልነበረም፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ ብታገኝ በተሻላት።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ሰው ከእጇ ሲሄድ ዘግይታ ነው ያወቀችው። ይቅርታ ጠየቀችው። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግማ። «ምን አጠፋሽ? ልክ ነሽ እኮ» ይላታል። መኪናዋን ራሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት፤ ስትመለስ ከጠረጴዛው ሥር አገኘቻት። ቋንቋ እንዲማር አስመዘገበችው፤ አንድ ቀን ሄዶ ቀረ። «ጺሜን አውጥቼ የቀናት ስም እያጨበጨብኩ ልዘምር?» አላት። ያችን ስትሰማ፣ ቀልዱ ተመለሰ ብላ ልቧ ዘለለ። ቀልድ ግን አልነበረም፤ ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እናቱ በየሳምንቱ በቪዲዮ ይደውላሉ። ያን ቀን ብቻ ይላጫል። ሸሚዝና ክራቫት ከላይ ያደርጋል፣ ከታች የሌሊት ሱሪውን እንደ ለበሰ ይቀመጣል።

«ወፈርክልኝ ወይ ልጄ?»

«አዎ እማ፣ ሱሪዬን ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው የምኖረው።»

«ሥራስ?»

«ሞልቷል። ክር አልበቃ ብሎኛል።»

ሚስቱ ከካሜራው ጎን ቆማ ትሰማለች። አማቷ «ኢንጂነሯስ?» ሲሉ ጎንበስ ብላ ትገባና ጥርሷን ታሳያለች። ስልኩ ሲዘጋ ክራቫቱን ይፈታል፤ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ይመልሳል።

ሐኪም ለማግኘት ወራት ጠበቁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ደግ ፊት አላት፤ ግን የምትናገረው ሁሉ በሚስቱ አፍ ነው የሚደርሰው።

«ታዝናለህ ወይ ነው የምትለው።»

«ደህና ነኝ በያት።»

«እንቅልፍህስ?»

«ደህና ነው።»

«ቀኑን በምን ታሳልፋለህ ትላለች።»

 «ሚስቴን በመጠበቅ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ይዛ ትርጉሙን ትጠባበቃለች። ሚስቱ ግን «ሥራ በመፈለግ ላይ ነው» ብላ ተረጎመች። ከዚያ ቤት ሲወጡ ቀጠሮና የኪኒን ማዘዣ ይዘው ነበር። እሷ ግን በባሏ ስም መዋሸቷ ከንክኗት፣ ባቡር ውስጥ ፊቱን ማየት አቃታት። ኪኒኑን ይውጣል፤ የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከከተማው ሹማምንት ፊት ቆማ የውኃ ብክነቱን ስታስረዳ ስልኳ ደጋግሞ ጠራ። ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ነበር። ባልሽ እኛ ጋ ነው፣ መጥተሽ ውሰጂው አሏት። አቶ ምስጋናን በጆሮው ስትነግረው፣ «ቶሎ ስለምትመለሺ አመሰግናለሁ» አላት።

ከጣቢያው ቢሮ የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፣ ቅጣት እንደሚጠብቅ ተማሪ። ጠባቂው አስረዳት፦ ከጠዋት ጀምሮ ከጫፍ ጫፍ ሲመላለስ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሲወርድ እሱ አይወርድም፤ ቢያናግሩት አይመልስም፤ ጉዳት ግን አላደረሰም። ጠባቂው አዘነላት መሰለኝ፣ ውኃ ቀድቶ ሰጥቷት ወጣ።

«የት ልትሄድ ነበር?»

«የትም።»

«ታዲያ ለምን ተሳፈርክ?»

«ባቡር ውስጥ ሰው ሁሉ ተቀምጧል። ምን ትሠራለህ የሚልህ የለም።»

«ቤትስ ማን ይልሃል? እኔ አልኩህ?»

«አንቺማ አትይም። ስትገቢ ብቻ መጀመሪያ ወንበሩን ታዪያለሽ።»

እውነቱን ነበር። በየማታው ቁልፉን ስታዞር፣ ምናለ ዛሬ እንኳ ቆሞ ባገኘው እያለች ነው የምትገባው። እዚያው ወለሉ ላይ፣ ከእግሩ ሥር ቁጭ አለችና አለቀሰች። ጭንቅላቷን ዳበሳት።

«ልሂድ» አላት። «አገሬ ልግባ።»

«አብረን እንሄዳለን። ነገውኑ።»

«ምን ይዘሽ? የድሮው ወንበርሽ ላይ ሰው ተቀምጦበታል። ውሉን ካፈረስሽ ያስከፍሉሻል። እህቶችሽ ገና ናቸው።» ሲናገር የድሮው ሜትሩ ነበር፤ በዐይኑ ለክቶ ጨርሶታል። 

ኤርፖርት ላይ ተላጭቶ፣ ደህናውን ኮቱን ለብሶ ነበር። ሊለያዩ ሲሉ ትከሻዋ ላይ ያለውን ስፌት በጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ያዘ። «ከስተሻል» አላት። «ይሄ ገብቶ መጥበብ አለበት።» ከዚያ ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሰልፉ ስለሚጠማዘዝ ሁለት ጊዜ ደግማ አየችው፣ ሁለት ጊዜ እጁን አነሣላት፤ ሦስተኛው ላይ ሌላ ሰው ነበር።

ክፍሏን ለቀቀች። ሌሎች ሴቶች ከሚጋሩት ቤት አንድ አልጋ የምትይዝ ጓዳ ተከራየች፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ እንኳ እያንዳንዷ መደርደሪያ ስም ተለጥፎባታል። መጽናኛዋ አንድ ነበር፦ ቢያንስ እሱ ይድናል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሉ የለ? አየሩ፣ ሰዉ፣ ቋንቋው ይመልሰዋል ብላ ነበር።

አገር ቤት የሚያማርሩበት ነገር ቢገኝ ጥሩ ነበር። ሱቁ ተወስዶ፣ ባልንጀራው ክዶት፣ ደንበኛው ሸሽቶት ቢሆን፣ በዚያ ነው በተባለ። ባልንጀራው ግን የታመነ ሰው ነው፤ መቀሱን ስሎ፣ ካውያውን ጠግኖ፣ ሰፊውን ጠረጴዛ ወልውሎ ነበር የጠበቀው። ሰፈርተኛው ጨርቅ በክንዱ ይዞ ተሰለፈ። ሜትሩ የሁሉንም ጨርቅ ተቀበለ፣ ለሁሉም «ነገ» አለ። ከዚያ ወንበር አወጣና ከሱቁ በር ላይ ተቀመጠ። ጨርቁን ባልንጀራው ቤቱ እየወሰደ፣ ሰው እንዳያውቅ ሰፍቶ ይመልሳል። ሰው ግን አወቀ፤ አቆራረጡ የሜትሩ አይደለማ።

ይህን ሁሉ የነገሯት አማቷ ናቸው። መጀመሪያ ይሸሽጓት ነበር፤ አንድ ቀን ግን ሆዳቸው ባባና አወጡት።

«እማማ፣ በቃኝ» አለች ምራቲቱ። «ሁሉንም ትቼ ልምጣ። አብሬው ልሁን። ጥፋቱ የኔ ነው።»

 

«ልጄ፣ ስሚኝ። አትምጪ።»

«ምነው እማማ?»

«ብትመጪ ሁለት የተቀመጠ ሰው ነው የሚኖረኝ። የሱን ሐኪም ማን ይከፍላል? የእኔን መድኃኒትስ? አፌን እየመረረኝ ነው የምነግርሽ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ… እንዳትቀየሚኝ የኔ ልጅ። አንቺ የደወልሽ ቀን ይብስበታል። እህል አይቀምስም። እስቲ ትንሽ ተይው።»

አልተቀየመችም። መቀየም ቢሆንላት ኖሮ ቀላል ነበር። «እሺ እማማ» አለች። መደወሉን በሳምንት ከነበረው በወር አደረገችው፤ ወሩም እየረዘመ ሄደ። ገንዘቡ ግን አንድ ቀን አላለፈም።

ሁለቱ ዓመታት ሲያልቁ አቶ ምስጋና ጠራት። ሥራሽ ከጠበቅነው በላይ ነው አላት፤ የክፍሉ ኃላፊ ሁኚ፣ ውሉንም እናራዝመው። ከእሱ ፊት ተቀምጣ፣ እምቢ የምትልበትን ምክንያት ለመፈለግ ሞከረች። የሚጠብቃት ቤት ፈለገች፣ የሚጠብቃት ሥራ፣ «ነይ» የሚላት አንድ ሰው። አልመጣላትም። ፈረመች። አመሰገናት።

ባልደረቦቿ ኬክ ቆርሰው አጨበጨቡላት። ከመካከላቸው አንዷ ኬኳን እየጎረሰች፣ «ባለቤትሽ ምን አለ? ደስ አላለውም?» አለቻት።

«በጣም ደስ ብሎታል» አለች። 

 ያለችውን እውነት ልታደርገው አስባ እንደሆነ እንጃ፣ ስልኳን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣችና የሱቁን ቁጥር መታች። ያነሣው ባልንጀራው ነው።

«እህቴ! ጠፋሽብን እኮ። ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። እሱስ?»

«አለ። ደህና ነው። ይኸው በሩ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ፀሐይ እየሞቀ። ልስጥሽ?»

በስልኩ ውስጥ የመንገዱ ሁካታ ይሰማል፤ አንድ ሰው «ሜትሩ፣ እንዴት ዋልክ!» ብሎ ሲያልፍ፣ መልስ ሳይሰማ ጸጥ ሲል። በደረጃው በር በኩል ከባልደረቦቿ አንዱ ብቅ ብሎ፣ ስብሰባው ሊጀመር ነው ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣት።

«ተወው» አለች። «አትረብሸው።»

ስልኩን ዘጋችና ወደ ስብሰባው ገባች። ሁሉም ቦታቸውን ይዘው ነበር፤ ለኃላፊዋ የተተወላት ወንበር ከጠረጴዛው ራስ ላይ ነው። ሄዳ ተቀመጠች።